የአኪለስ ጅማት ሕመም

የአኪለስ ጅማት ሕመም የባትን ጡንቻ ከተረከዝ አጥንት ጋር በሚያያይዘው ወፍራም ጅማት ላይ የሚከሰት ሕመም ነው። በሯጮች ላይ በብዛት ይታያል፤ ሆኖም ዳገት የሚወጡ፣ ሸክም የሚሸከሙና ስፖርት የማይሠሩ ሰዎችም ይያዙበታል። በአብዛኛው የሚጀምረው ጅማቱ ከለመደው በላይ ጭነት ሲበዛበት ነው። ዋናው ሕክምናም ጅማቱን ጨርሶ ማሳረፍ ሳይሆን ጭነቱን ቀንሶ ከዚያ በኋላ በመጠኑ እየጨመሩ መልሶ ማጠንከር ነው። ከዚህ የተለየው ጅማቱ በድንገት ሲበጠስ ነው፤ ይህ ጊዜ የማይሰጥ ጉዳት በመሆኑ ፈጥኖ ወደ ሕክምና መሄድን ይጠይቃል።

ስያሜ

ጅማቱ ስሙን ያገኘው በግሪክ አፈ ታሪክ ከሚታወቀው ጀግና ከአኪለስ ነው። በታሪኩ መሠረት እናቱ ቴቲስ ሕፃን ሳለ ስቲክስ በሚባለው ወንዝ ስትነክረው ተረከዙን ይዛ ስለነበር፣ ውኃው ያልነካው ያ ቦታ ብቻ ለጉዳት የተጋለጠ ሆኖ ቀረ። ይህ ታሪክ በሆሜር «ኢሊያድ» ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው በ1ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው በሮማዊው ገጣሚ በስታቲዩስ ሥራ ነው። የአኪለስን ስም ለጅማቱ የሰጠው የፍላንደርስ ተወላጅ የሆነው የአካል ጥናት ሊቅ ፊሊፕ ፈርሄየን ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1693 ነው።

በአማርኛ «የተረከዝ ጅማት» ተብሎም ይጠራል። ከጉልበት በስተኋላ ካለው ከቋንጃ ጋር መምታታት የለበትም።

አወቃቀርና ሥራ

የአኪለስ ጅማት በሰው አካል ውስጥ ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው ነው። ርዝመቱ በአዋቂ ሰው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከላይ የባት ጡንቻዎች ይገናኙበታል፤ ከታች ደግሞ በተረከዝ አጥንት ጀርባ ላይ ይጣበቃል። ባት ሲኮማተር ጅማቱ ተረከዝን ወደ ላይ ይስባል፤ ሰው በእግሩ ጣቶች የሚቆመው፣ መሬትን ገፍቶ የሚራመደውና የሚዘለው በዚህ ነው።

ጅማቱ እንደ ምንጭ ብረትም ይሠራል። እግር መሬት ሲነካ ተለጥጦ ኃይል ያጠራቅማል፣ እግር ሲነሳ ደግሞ ያንኑ ኃይል መልሶ ይሰጣል። በሩጫ ጊዜ በአንድ እርምጃ የሚያርፍበት ጭነት ከሰውየው ክብደት 6 እጥፍና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ይህም ማለት 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሯጭ ጅማት በያንዳንዱ እርምጃ ከ360 ኪሎ ግራም ያላነሰ ጭነት ይሸከማል።

ጅማት በዋናነት የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ጠንካራ ፕሮቲን ነው። የኮላጅን ክሮች እንደ ገመድ ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ። ከጡንቻ ጋር ሲነጻጸር የደም ዝውውሩ አነስተኛ ነው፤ በተለይ ከተረከዝ አጥንት በላይ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያለው ክፍል ደም በብዛት አይደርሰውም። ጅማት ቀስ ብሎ የሚጠነክረውና ቀስ ብሎ የሚድነውም ለዚህ ነው። አንድ ሰው ልምምድ ሲጀምር ትንፋሹና ጡንቻው በሳምንታት ውስጥ ሲሻሻሉ፣ ጅማቱ ግን ወራት ያስፈልጉታል። ብዙው ጉዳት የሚመጣው በዚህ ልዩነት መካከል ነው፤ ሰውየው እችላለሁ ብሎ ሲጨምር ጅማቱ ገና አልደረሰም።

መንስኤዎች

ዋናው መንስኤ የጭነት ድንገተኛ ለውጥ ነው። የሩጫን ርቀት ወይም ፍጥነት በአንድ ጊዜ መጨመር፣ ከሜዳ ወደ ዳገት መዞር፣ ከረጅም ዕረፍት በኋላ ካቆሙበት መቀጠልና ጫማ መቀየር ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ከበድ ያለ ልምምድ ከተሠራ በኋላ ባሉት 24 እስከ 36 ሰዓታት ውስጥ በጅማቱ ውስጥ ከሚገነባው ኮላጅን የሚፈርሰው ይበልጣል፤ ግንባታው የሚያይለው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ያለ ፋታ ከባድ ልምምድ የሚሠራ ሰው ጅማቱን ከመገንባት ይልቅ እያፈረሰው ሊሄድ ይችላል።

ሌሎች አባባሽ ሁኔታዎች የሚከተሉት ናቸው፦

– ዕድሜ፦ ከ30 ዓመት በኋላ አደጋው እየጨመረ ይሄዳል።
– የባት ጡንቻ ድካም ወይም የቁርጭምጭሚት አለመታጠፍ።
– የሰውነት ክብደት መብዛት፣ የስኳር በሽታና በደም ውስጥ የኮሌስትሮል መብዛት።
– አንዳንድ መድኃኒቶች፦ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን የሚገኙበት የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ቤተሰብ ጅማትን ሊያሳምምና ሊያስበጥስ ይችላል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 በመድኃኒቶቹ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። አደጋው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ፣ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ባደረጉና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ኮርቲኮስቴሮይድ አብረው በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይበረታል።

ሲፕሮፍሎክሳሲን በኢትዮጵያ ለታይፎይድና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በብዛት የሚታዘዝ መድኃኒት ስለሆነ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ተረከዙን ማመም ከጀመረው ሩጫና ሸክም አቁሞ፣ ቀጣዩን ክኒን ከመውሰዱ በፊት ያዘዘለትን ሐኪም ማማከር አለበት። ሌቮፍሎክሳሲን ለሳንባ ነቀርሳ የታዘዘለት ሰው ግን በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ የለበትም፤ በዚያው ቀን ለጤና ባለሙያው መንገር ይገባዋል።

በአዊ ዞን ሁኔታ

አዊ ዞን በአማራ ክልል የሚገኝ ደጋና ወይና ደጋ የሚበዛበት አካባቢ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ዳንግላ ከዚያ ዝቅ ብላ በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንዲህ ያለው ከፍታ ለሩጫ ልምምድ የሚመረጠው ደምና ሳንባ በአነስተኛ ኦክስጅን መሥራትን ስለሚለምዱ ነው። ጅማትን ግን ከፍታ አያጠነክረውም፤ የሚያጠነክረው በመጠን የሚሰጠው ጭነት ብቻ ነው። ስለዚህ በከፍታ ቦታ ያደገና ትንፋሹ የማይደክም ወጣት ጅማቱ ከሚችለው በላይ ለመሮጥ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ከሩጫ ውጭም የአካባቢው ሥራ ባትንና ተረከዝን ይፈትናል። ዳገት ሲወጣ ተረከዝ ከጣቶች ዝቅ ስለሚል ጅማቱ ይበልጥ ይለጠጣል። ድንች ወደ ገበያ የሚወስድ፣ ቀርቀሃ ቆርጦ የሚያወርድ ወይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ በስፋት ከሚተከለው ዲከረንስ የሚከሰለውን ከሰል በጆንያ የሚጭን ሰው በራሱ ክብደት ላይ የሸክሙን ይጨምራል። በክረምት ጭቃው እግርን ወደ ኋላ ስለሚያንሸራትት ባት በየእርምጃው ደግሞ ይገፋል። እነዚህን ሥራዎች ከልጅነት ጀምሮ የለመደ ሰው ጅማቱም አብሮ ጠንክሮ ይሆናል፤ ችግሩ የሚበዛው ሥራው በየወቅቱ ድንገት ሲጨምር ወይም ሰውየው ከከተማ ተመልሶ ያልለመደውን ሲጀምር ነው።

የጫማ ነገርም በዚሁ ይታያል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል። ይህ ባዶ እግር ለጅማት ይሻላል ማለት አይደለም፤ የለመደ እግር መቻሉን ያሳያል እንጂ። ተረከዙ ከፍ ያለ የስፖርት ጫማ የለመደ ሯጭ በአንድ ሳምንት ወደ ስስ ሸራ ጫማ ወይም ወደ ባዶ እግር ቢዞር ተረከዙ ዝቅ ስለሚል ጅማቱ ላይ የሚያርፈው ጭነት ይጨምራል። ለውጡ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ሊደረግ ይገባል።

ምልክቶች

ሕመሙ በሁለት ቦታዎች ይታያል። የመጀመሪያው ከተረከዝ በላይ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ባለው በጅማቱ መካከል ነው፤ ሁለተኛው ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር በሚጣበቅበት ቦታ ነው። ልዩነቱ ለልምምድ አመራረጥ ስለሚያስፈልግ በጣት ጫን ጫን እያሉ የሚያምበትን ቦታ መለየት ይጠቅማል።

የተለመዱት ምልክቶች ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ ተረከዝ መገተርና ማመም፣ ሩጫ ሲጀመር ማመምና ሰውነት ሲሞቅ መቀነስ፣ ከሩጫ በኋላ ወይም በማግሥቱ ተመልሶ መምጣት፣ እንዲሁም የጅማቱ ማበጥ ወይም መወፈር ናቸው። ሰውነት ሲሞቅ ሕመሙ ስለሚቀንስ ብዙ ሯጮች ድኖልኛል ብለው ይቀጥላሉ። እውነተኛው መለኪያ በሩጫው መካከል የሚሰማው ስሜት ሳይሆን የማግሥቱ ጠዋት ነው።

የተረከዝ አካባቢ ሕመም ሁሉ የጅማት ሕመም አይደለም። ባት በአንድ ወገን አብጦ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ለሕይወት ያሰጋል። ትኩሳትና መቅላት ኢንፌክሽንን ያመለክታሉ። ሁለቱም ተረከዞች ያለ ልምምድ ካመሙና የወገብ ወይም የሌላ መገጣጠሚያ ሕመም ካለ የመገጣጠሚያ ብግነት መመርመር አለበት። እነዚህ ሁሉ በልምምድ የሚታከሙ ስላልሆኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

የጅማት መበጠስ

ጅማቱ የሚበጠሰው በአብዛኛው በድንገት ሲሮጡ፣ ሲዘሉ ወይም ኳስ ሲጫወቱ ነው። ሰውየው ከኋላው በድንጋይ የተመታ ወይም የተረገጠ ይመስለዋል፤ ዞር ሲል ግን ማንም የለም። አንዳንዴ የመበጠስ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ በኋላ በዚያ እግር ጣቶች መቆም አይቻልም፤ ከተረከዝ በላይም ጎድጎድ ያለ ቦታ በጣት ሊዳሰስ ይችላል።

አሳሳቹ ነገር ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሕመሙ ሊቀንስና ሰውየው እያነከሰ ሊራመድ መቻሉ ነው። ሌሎች ጡንቻዎች እግሩን ትንሽ ስለሚያንቀሳቅሱት «ወለምታ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለመለየት የሚረዳ ቀላል ምርመራ አለ። ታማሚው በደረቱ ተኝቶ እግሩ ከአልጋው ጫፍ ውጭ እንዲንጠለጠል ይደረጋል፤ ከዚያ ባቱ በእጅ ጨመቅ ይደረጋል። ጅማቱ ደህና ከሆነ የእግሩ ጣቶች ወደ ታች ይቀሰራሉ፤ ከተበጠሰ እግሩ አይንቀሳቀስም። ጤነኛውን እግር አስቀድሞ መሞከር ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል።

በማጭድ፣ በመጥረቢያ ወይም በቆርቆሮ የተረከዝ ጀርባ ሲቆረጥም ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ጅማቱ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው እግሩን መርገጥ የለበትም። ጣቶቹ ወደ ታች እንደተቀሰሩ በእንጨትና በጨርቅ አስደግፎ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። የተበጠሰ ጅማት በመታሸት ወይም በመጎተት አይቀጠልም። በአካባቢው ወጌሻ ዘንድ ቀድሞ የመሄድ ልማድ አለ፤ ወጌሻው ራሱ የባት መጭመቅ ምርመራውን አውቆ እግሩ ካልተንቀሳቀሰ ሳያሽ ወደ ሆስፒታል ቢልክ ታማሚውን ከዕድሜ ልክ ማነከስ ያድነዋል። የተበጠሱት ጫፎች ሳምንታት ካለፉ በኋላ ስለሚሸሹ ሕክምናው ከባድ ይሆናል። ከእንጅባራና ከዳንግላ የአጥንት ስፔሻሊስት ማየት ካስፈለገ በቅርብ የሚገኙት ሪፈራል ሆስፒታሎች በባሕር ዳር ያሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ናቸው። መንገዱ ከእንጅባራ 120፣ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የተበጠሰ ጅማት በቀዶ ሕክምና ሊሰፋ ወይም ያለ ቀዶ ሕክምና ጣቶች ወደ ታች ተቀስረው በጀሶ ወይም በልዩ ቡትስ ሊያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ በኖርዌይ በ526 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል የእግር አጠቃቀም ልዩነት አላገኘም። ጅማቱ ተመልሶ የተበጠሰው ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላቸው በ6.2 በመቶው፣ ከተደረገላቸው በ0.6 በመቶው ሲሆን፣ የነርቭ ጉዳት ግን በቀዶ ሕክምናው በዝቷል። ያለ ቀዶ ሕክምና ለመዳን ግን ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጀመር አለበት።

ሕክምና

ላልተበጠሰ ግን ለሚያም ጅማት የሚሰጠው ዋና ሕክምና ልምምድ ነው። ለዚህ አስተሳሰብ መስፋፋት ትልቅ ድርሻ ያለው ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ባልደረቦቹን ይዞ ያሳተመው ጥናት ነው። በጥናቱ ለረጅም ጊዜ ታመው የነበሩ 15 ሯጮች ለ12 ሳምንታት ተረከዝን ቀስ ብሎ የማውረድ ልምምድ ሠርተው ሁሉም ወደ ሩጫ ተመልሰዋል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉም ሰው እንዲህ እንደማይድን ቢያሳዩም ልምምድ የሕክምናው መነሻ ሆኖ ቀጥሏል።

ጭነትን መመጠን። ሩጫና ዝላይ ለጊዜው ይቀነሳሉ ወይም ይቆማሉ፤ እርምጃና ቀላል ሥራ ግን ይቀጥላሉ። ለወራት መተኛት ሕመሙን ይቀንሳል እንጂ ጅማቱን ያዳክመዋል፤ ሲመለሱበት ሕመሙም ይመለሳል። ሕመም ከ0 እስከ 10 ቢመዘን፣ በልምምድ ጊዜ እስከ 5 የሚደርስ ሕመም ይፈቀዳል፤ ነገር ግን በማግሥቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መውረድና ከሳምንት ሳምንት አለመጨመር አለበት።

የመጀመሪያ ደረጃ። በሁለት እግር ጣቶች ቆሞ ተረከዝን ከፍ አድርጎ ለ45 ሰከንድ መቆየት፤ በየመካከሉ እያረፉ 5 ጊዜ መድገም። ይህ ሕመሙ ለበረታበት ሰው መጀመሪያ ይሆናል።

ሁለተኛ ደረጃ። ግድግዳ ይዞ በሁለት እግር ቀስ ብሎ መነሳትና ቀስ ብሎ መውረድ፤ 15 ጊዜ በ3 ዙር። ሲቀል በአንድ እግር ብቻ።

ሦስተኛ ደረጃ። በደረጃ ወይም በማይናጋ ድንጋይ ጫፍ ላይ በጣቶች መቆም፤ በጤነኛው እግር መነሳትና በታመመው እግር ቀስ ብሎ ተረከዝን ከደረጃው በታች ማውረድ። 15 ጊዜ በ3 ዙር ጉልበትን ዘርግቶ፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር ጉልበትን ጠለስ አድርጎ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት። ሲቀል 5 ኪሎ ግራም እህል በጀርባ ቦርሳ ይዞ መቀጠልና ክብደቱን ቀስ በቀስ መጨመር። በየቀኑ ለመሥራት ጊዜ የሌለው ሰው በሳምንት 3 ቀን ከበድ ባለ ክብደት ቀስ ብሎ ቢሠራ ተመሳሳይ ውጤት ማግኘት ይችላል።

ሕመሙ ጅማቱ ከአጥንት ጋር በሚጣበቅበት ቦታ ከሆነ ተረከዝን ከደረጃ በታች ማውረድ አይመከርም፤ ልምምዱ በደልዳላ መሬት ይሠራል። በዚህ ዓይነቱ ሕመም ባትን አጥብቆ መሳሳብም ጅማቱን በአጥንቱ ላይ ስለሚጫነው ይቀራል። በሁለቱም ጫማዎች ውስጥ ከተረከዝ በታች 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቡሽ ወይም የታጠፈ ጨርቅ ማድረግ ለጊዜው ያሳርፋል።

ወደ ሩጫ መመለስ። ያለ ሕመም መራመድና በአንድ እግር ተረከዝን ደጋግሞ ማንሳት ከተቻለ፣ በሜዳ ላይ ሩጫና እርምጃ እያፈራረቁ መጀመር ይቻላል። በሁለት ሩጫዎች መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ይደረጋል። ዳገትና ፍጥነት የመጨረሻዎቹ ናቸው። መሻሻል በ12 ሳምንታት ውስጥ ይታያል፤ ሙሉ ለሙሉ መዳን ግን ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ሊወስድ ይችላል።

መድኃኒትና ሌሎች። እንደ አይቡፕሮፊንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ሕመምን ለአጭር ጊዜ ይቀንሳሉ እንጂ ጅማቱን አያድኑም፤ የጨጓራና የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ የለበትም። ማስታገሻ ውጦ መሮጥ ጅማቱ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ መደበቅ ነው። የኮርቲኮስቴሮይድ መርፌ በጅማቱ ውስጥ መወጋት ሊያዳክመውና ሊያስበጥሰው ስለሚችል አይመከርም። ቀስ ያለ የባት መታሸት ጡንቻን ያፍታታል፤ የታመመውን ጅማት በኃይል ማሸት ግን ሊያባብሰው ይችላል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው በአግባቡ የተሠራ ልምምድ ቢያንስ ለ6 ወራት ሳይረዳ ሲቀር ነው።

የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጉዳት

በኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ በሰፊው የሚታወቀው የአኪለስ ጅማት ጉዳት የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ ወርቅ ያገኘው ጅማቱ እያመመው በተዘጋጀበት ዓመት ነበር። ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ተመልሶ ነሐስ አገኘ። በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ ይኸው ችግር አብሮት ነበር፤ ቀነኒሳ በቀለ ባሸነፈበት ውድድር 5ኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ማራቶን ዞሮ በርሊን ላይ በ2007 በ2:04:26፣ በ2008 ደግሞ በ2:03:59 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ታሪኩ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ ሕመሙ ተመላልሶ የሚመጣ ነው። ሁለተኛ፣ በጊዜው የታከመና በትዕግሥት የተመለሰ ሯጭ ከጉዳቱ በኋላም ከፍተኛ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት በቅርብ ለማያገኝ የገጠር ሯጭ ደግሞ ሕመሙን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማወቁ የበለጠ ዋጋ አለው።

መከላከል

– የሩጫን ርቀት፣ ፍጥነትና ዳገት በአንድ ሳምንት አብሮ አለመጨመር፤ አንዱን ብቻ ለውጦ ጅማቱ እስኪለምድ መጠበቅ።
– ከበሽታ፣ ከጾም ወይም ከፈተና ወቅት ዕረፍት በኋላ ካቆሙበት ሳይሆን ከግማሽ በታች መጀመር።
– ከከባድ ልምምድ በኋላ ቀጣዩን ቀን ቀላል ማድረግ።
– በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን በአንድ እግር ተረከዝ የማንሳት ልምምድ መሥራት። ጤነኛ ወጣት በአንድ እግር እስከ 25 ጊዜ ገደማ መነሳት ይችላል፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ትልቅ ልዩነት ካለ ደካማውን ማጠንከር ያስፈልጋል።
– በማለዳ ብርድ ከመሮጥ በፊት ለ10 ደቂቃ በፈጣን እርምጃና በቀላል ሶምሶማ ሰውነትን ማሞቅ።
– ጫማ ሲቀየር አሮጌውንና አዲሱን ለጥቂት ሳምንታት እያፈራረቁ መጠቀም።
– ከባድ ሸክም ሲኖር በሁለት ጊዜ መውሰድ፤ ዳገት ላይ እርምጃን ማሳጠር።
– ጠዋት ተረከዝ መገተር ከጀመረ በዚያው ሳምንት ጭነትን መቀነስ። በዚህ ደረጃ የተቀነሰ ጭነት የጥቂት ሳምንታት ጉዳይ ሲሆን፣ ችላ የተባለው ግን ወራት ይወስዳል።